ዋጋው የወደቀ ፈረስ

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ማይክሮፎኑ ፊት የተቀመጥሁት ከመስከረም ጀምሮ ሐሳቤን ከፍሎ የያዘውን አንድ ምርጫ እያሰብሁ ልነግራችሁ ነው። ጉዳዩ የስፖርት መኪና ግዢ ስለሆነ ቅንጦት ነው የምትሉኝ ካላችሁ አልከራከራችሁም። እኔ በዋሽንግተንና በአካባቢው አሥራ ሰባት ዓመት ታክሲ የነዳሁ ሰው ነኝ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ የገዛኋቸው መኪኖች በሙሉ ለእንጀራ የተገዙ፣ እያንዳንዱ ማይል ስንት ሳንቲም እንደሚበላ ተሰልቶ የተመረጡ ነበሩ። ልጆቼ ትምህርታቸውን ከጨረሱ በኋላ ግን አንዲት ጊዜ ብቻ ስሌቱን ትቼ ልቤ የወደደውን መኪና ልግዛ አልሁ። እንደምትሰሙት ስሌቱ እኔን አልተወኝም።

ምርጫው በሁለት የኤሌክትሪክ ፖርሽ ታይካኖች መካከል ነው። አንደኛው የ2020 ሞዴል ቱርቦ ኤስ ነው፤ ታይካን ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ሲቀርብ ከነበሩት ደረጃዎች ሁሉ የበላይ የነበረው። ሁለተኛው በ2024 ይፋ ከሆነው ማሻሻያ በኋላ የተሠራ አዲስ ታይካን ነው፤ ይሁንና በስሙ ላይ ምንም ቅጥያ የሌለበት፣ የመጨረሻው ዝቅተኛ ደረጃ። አንዱን የትናንት ደጃዝማች፣ ሌላውን የዛሬ ባላምባራስ በሉት።

ኩባንያው ታይካን የሚለው ስም ከቱርክ ቤተሰብ ቋንቋዎች የተወሰደና ፈጣን ወጣት ፈረስን የሚያመለክት መሆኑን ይናገራል። ነገሥታቱን አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እያለ በፈረሳቸው ስም ሲጠራ ከኖረ ሕዝብ ለተወለደ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ቱርቦ የሚለው ቅጥያ ግን እስከ ዛሬ ያስቀኛል፤ ቱርቦ ወደ ነዳጅ ሞተር የሚገባውን አየር የሚጨምቅ መሣሪያ ሲሆን፣ በዚህ መኪና ውስጥ ግን የነዳጅ ሞተር የሚባል ነገር ጭራሹን የለም።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ቱርቦ ኤስ በ2020 በአሜሪካ ሲሸጥ መነሻ ዋጋው 185,000 ዶላር ነበር። እኔ ያየሁት፣ 31,000 ማይል የተነዳው፣ ዛሬ 74,000 ዶላር ተጠይቆበታል። አዲሱ ቅጥያ የለሽ ታይካን በ2025 ሞዴል መነሻ ዋጋው 99,400 ዶላር የነበረ ሲሆን፣ ትልቁን ባትሪና አንዳንድ የማይቀሩ ነገሮች ስጨምርበት ሻጩ ያወጣልኝ ሒሳብ 112,000 ደረሰ። ስለዚህ በጉልበት ከሁሉ በላይ የነበረው ከሁሉ በታች ካለው በ38,000 ዶላር ረክሶ ቆሟል። ታክሲ ስነዳ ያገለገለ መኪና ያለ ምክንያት እንደማይረክስ ተምሬአለሁና፣ ይህን ቁጥር ሳይ መጀመሪያ የመጣብኝ ደስታ ሳይሆን ጥርጣሬ ነው።

ለመሆኑ ያ 111,000 ዶላር የት ገባ? የነዳጅ መኪና ሲያረጅ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ዘይት ይበላል፣ ማርሹ ይንገጫገጫል፣ ጭሱ ይለወጣል፣ ዋጋውም ከአካሉ ጋር አብሮ ይወርዳል። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ያየሁት ሌላ ነው። የቱርቦ ኤስ ሞተሮች ከፋብሪካ በወጡበት ቀን የነበራቸውን ጉልበት ዛሬም ይሰጣሉ፤ ነገር ግን ታናሽ ወንድሙ በቁመት በለጠው። የድሮው ትልቁ ባትሪ 93.4 ኪሎዋት ሰዓት ይይዝ የነበረው አዲሱ 105 ይይዛል። ቻርጅ የሚደረግበት ከፍተኛ መጠን ከ270 ወደ 320 ኪሎዋት ከፍ ብሏል። የኋላው ሞተር ጉልበቱ ጨምሮ ክብደቱ በ10 ኪሎ ቀንሷል። ከዚህ ሁሉ የተነሣ የአሜሪካ መንግሥት መለኪያ ለ2020 ቱርቦ ኤስ በአንድ ቻርጅ 192 ማይል ብቻ ሲሰጠው፣ ትልቁን ባትሪ የያዘው አዲሱ ቅጥያ የለሽ ታይካን 318 ማይል ተሰጥቶታል። በአንድ ትውልድ ውስጥ እንዲህ ያለ ዝላይ ሲመጣ፣ ገዢው ዓይኑን ከፊተኛው ላይ ማንሣቱ አይገርምም፤ የመጀመሪያው ባለቤት 111,000 ዶላር የከሰረው መኪናው ስለተበላሸ ሳይሆን ቀድሞ ስለገዛ ነው።

ሁለቱንም ነድቻቸዋለሁ። አዲሱን መጀመሪያ ነዳሁ፤ ትልቁን ባትሪ ይዞ 429 የፈረስ ጉልበት ያለውና ከቆመበት ተነሥቶ 60 ማይል በሰዓት ለመድረስ 4.5 ሰከንድ የሚፈልግ መኪና ነው። አምስት ሰዎችን ከነሻንጣቸው ይዤ የፖቶማክን ድልድይ ስሻገር ለኖርሁ ለእኔ፣ 4.5 ሰከንድ የሚያስቅ ፈጣን ነው። መሪው ቀጥተኛ፣ አካሄዱ ለስላሳ፣ ድምፁ የለሰለሰ፤ ሰውነቴ ሳይፈራ ደስ አለው። ከዚያ በሌላ ቀን ቱርቦ ኤስ ላይ ተቀመጥሁ፤ 750 የፈረስ ጉልበት፣ 2.6 ሰከንድ። የግራ እግሬን ፍሬኑ ላይ፣ የቀኙን እስከ ወለሉ ድረስ የፍጥነት መርገጫው ላይ አድርጌ ፍሬኑን ስለቅቅ የሆነውን በቃላት ለማስረዳት ብሞክር አጋንኜ እንዳወራሁ ይቆጠርብኛል። ይህን ብቻ ልበል፦ ከኋላ የተቀመጠችው እናቴ “በስመ አብ!” ብላ ጀመረች፤ “ወወልድ” ላይ ሳትደርስ 60 ማይል ደርሰን ነበር። ከዚያ በኋላ እስከ ቤት ድረስ “ቀስ በል አንተ ልጅ” ከሚል ቃል በቀር ከአፏ አልወጣም። እኔ አምሳ ሦስት ዓመቴ ነው።

ስለ እናቴ ካነሣሁ አይቀር፣ መሐንዲሶቹን አንድ ነገር አመሰግናቸዋለሁ። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪው ወለሉ ሥር ስለሚነጠፍ የኋላ ተሳፋሪ ጉልበቱን ወደ ደረቱ አጥፎ መቀመጥ ግድ ይሆንበታል፤ ዝቅ ባለ የስፖርት መኪና ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በታይካን ግን ከኋላ ተሳፋሪው እግር ሥር ያለውን የባትሪውን ክፍል ቆርጠው ጎድጓዳ ቦታ ትተዋል፤ እነርሱም የእግር ጋራዥ ይሉታል። ጉልበቷን የሚያማት አሮጊት እናት ያለው ሰው ይህን ከፈረስ ጉልበት አስቀድሞ ይመለከታል። ይህ በሁለቱም መኪኖች ላይ ስላለ ግን ምርጫዬን አላቀለለልኝም።

የመኪና ጥገና ሥራ ያለው አንድ ወዳጄ ነገሩን ስነግረው ሳቀና “ወንድሜ፣ ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም” አለኝ። ሊል የፈለገው፣ መኪና የሚመዘነው በሚያደርስህ ርቀት ነውና አዲሱን ውሰድ ነው። እህቴ ሻርሎት፣ ኖርዝ ካሮላይና ትኖራለች፤ ከእኔ ቤት እስከ እርሷ ደጅ ወደ 400 ማይል ገደማ ነው። በአዲሱ አንድ ጊዜ ቆሜ ቻርጅ አድርጌ እደርሳለሁ። በድሮው ሁለት ጊዜ፣ በክረምት ምናልባትም ሦስት ጊዜ መቆም ይኖርብኛል። ለፍትሕ ያህል ግን፣ የመንግሥት መለኪያ በታይካን ላይ ጠንከር ያለ እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ከቱርቦ ኤስ አንድ ደረጃ ዝቅ የሚለውን፣ 201 ማይል የተሰጠውን የ2020 ቱርቦ፣ ራሱን የቻለ ፈታኝ ድርጅት ነድቶት 275 ማይል ሄዶለታል። ከርቀቱ ይልቅ የሚያሳስበው ብርዱ ነው። ኩባንያው እንደሚለው የባትሪው ሙቀት 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ጊዜ ከ10 እስከ 80 በመቶ ለመሙላት የድሮው 37 ደቂቃ ሲፈጅ አዲሱ በ18 ደቂቃ ይጨርሳል። በጥር ወር ከሪችመንድ በታች ባለ የነዳጅ ማደያ ጥግ ላይ 19 ደቂቃ ጨምሮ መቆም ምን ማለት እንደሆነ የታክሲ ተራ የጠበቀ ሰው ያውቀዋል።

እንግዲህ ወደ ልማዴ ተመልሼ ቆጠርሁ። ሻርሎት የምሄደው በዓመት አምስት ጊዜ ነው። በደርሶ መልስ ሁሉንም ትርፍ ማቆሚያ ብደምር፣ በድሮው መኪና የማባክነው ጊዜ በዓመት ከስምንት ሰዓት አይበልጥም። በቀሩት ቀናት መኪናው ሌሊት በጋራዤ ውስጥ ቻርጅ እየተደረገ ያድራል፤ በዚያን ጊዜ በ18 ደቂቃ ይሙላ በአምስት ሰዓት ለእኔ ልዩነት የለውም። ለስምንት ሰዓት 38,000 ዶላር መክፈል ከታክሲ ሕይወቴ ጋር የሚጣላ ሒሳብ ነው። በዚያ ላይ የምኖርበት ቨርጂኒያ መኪና ባለው ዋጋ ልክ በየዓመቱ ግብር የሚጠየቅበት ግዛት ነውና፣ የረከሰው መኪና በግብሩም ይረክሳል።

ነገር ግን ያው ቨርጂኒያ ሌላውን ክርክሬን ያፈርስብኛል። በዚህ ግዛት ከ85 ማይል በሰዓት በላይ መንዳት ተራ ቅጣት ሳይሆን እስከ አንድ ዓመት እስር ሊያስከትል የሚችል ወንጀል ነው። ቱርቦ ኤስን ከቆመበት እስከ ወንጀል የሚለየው አምስት ሰከንድ እንኳ አይሞላም። እውነቱን ልናገርና፣ የ750 ፈረስ ጌታ ብሆን አብዛኞቹን በጋጣ አስሬ ነው የምኖረው። ይህን ለራሴ ካመንሁ በኋላ ነው ለምን እንደምፈልገው በትክክል የገባኝ፦ በ2019 መስከረም ይህ መኪና ለዓለም ሲታይ፣ እኔ በዋሽንግተኑ ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ የታክሲ ተራ ላይ ቁጭ ብዬ በስልኬ አየሁት፤ ያየሁትም ይህንኑ ነው፣ ቱርቦ ኤሱን። ያን ዕለት አዲሱ ቅጥያ የለሽ ታይካን ገና አልተፈጠረም ነበር።

ፍላጎት ግን ፍተሻን አያስቀርም። ያገለገለ መኪና ገዝቶ ያለቀሰ ሰው ነኝ፤ ከዓመታት በፊት ከአንድ ነጋዴ የወሰድሁት መኪና በአሥራ አንድ ቀኑ ማርሹ ተሰብሮብኛል። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አጥብቄ ጠየቅሁ። የመጀመሪያው ባትሪው ነው። ኩባንያው ለባትሪው የሰጠው ዋስትና ስምንት ዓመት ወይም 100,000 ማይል ሲሆን፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ አቅሙ ከ70 በመቶ በታች ከወረደ ይሸፍናል። በ2020 ለባለቤቱ የተሰጠ መኪና እስከ 2028 ድረስ ብቻ ነው የሚሸፈነው፤ ከዚያ በኋላ ባትሪው የእኔ ችግር ነው። ሁለተኛው ሪኮል የሚሉት የፋብሪካ የጥገና ጥሪ ነው። በ2024 እስከዚያ በተሠሩት ታይካኖች ሁሉ የፊት ፍሬን ቱቦ እንዲቀየር ተጠርቷል፤ በአንዳንዶቹም ባትሪው ውስጥ ሾርት ሊፈጠር ይችላል ተብሎ ባለቤቶቹ እስኪጠገን ድረስ ከ80 በመቶ በላይ ቻርጅ እንዳያደርጉ ተመክረዋል። ሁለቱም በዚህ መኪና ላይ ተሠርተው እንደሆነ በጽሑፍ ጠየቅሁ፤ ተሠርተዋል የሚል ወረቀት መጣልኝ። የቱርቦ ኤስ የሴራሚክ ፍሬን ሲቀየር የሚያስወጣውን ገንዘብ ስሰማ ግን ደንግጬ ነበር፤ ያጽናናኝ ኩባንያው በዕለት ተዕለት መንዳት ከአሥር ፍሬን ዘጠኙን ሞተሮቹ ራሳቸው እንደሚይዙ መናገሩ ነው፤ ዲስኩ ሥራ ፈትቶ ይውላል ማለት ነው።

ሦስተኛውን ብዙ ገዢ አያስበውም። ታይካን በ800 ቮልት የሚሠራ መኪና ነው፤ በመንገድ ላይ ያሉት ቻርጀሮች ግን ብዙዎቹ የሚሰጡት 400 ቮልት ነው። ከ2025 መስከረም ጀምሮ የፖርሽ ባለቤቶች በአገናኝ መሣሪያ እንዲጠቀሙባቸው የተፈቀደላቸው የቴስላ ቻርጀሮችም አብዛኞቹ እንዲሁ ናቸው። ታይካን ከእነዚህ ላይ ኃይል ለመውሰድ ቮልቱን ወደ ላይ የሚያነሣ መሣሪያ በውስጡ አለው፤ በድሮዎቹ ላይ ይህ መሣሪያ በመደበኛው 50 ኪሎዋት ብቻ ያስተናግድ ነበር፣ ገዢው ሲያዝ ተጨማሪ ከፍሎ ከሆነ ግን 150። የ185,000 ዶላር መኪና ያዘዘ ሰው ለቆዳና ለቀለም ሲመርጥ ይህችን አንዲት መስመር ዘሎ አልፎ ሊሆን ይችላል። 50 ከሆነ ወደ ሻርሎት በሚወስደው መንገድ ላይ ከሚገኙት ቻርጀሮች በብዙዎቹ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ እቆማለሁ፤ ስምንት ሰዓት ያልኋችሁ ሒሳቤም ሁለት እጥፍ ይሆናል፤ በዚያን ጊዜ ወዳጄ ትክክል ነው፣ አዲሱን እወስዳለሁ።

ሻጩን መኪናው ሲታዘዝ የተጻፈውን ዝርዝር ወረቀት እንዲልክልኝ ለመንሁት። ቀናት አዘገየኝ። ትናንት ማታ እናቴ ቡና እያፈላች ሳለ ስልኬ ላይ መጣ፤ መነጽሬን ፈልጌ አጥቼ የእርሷን አድርጌ፣ የመቀመጫውን ቀለም፣ የጎማውን ልክ፣ የድምፅ ማጉያውን አልፌ ወደ ታች ወረድሁ። በዘጠነኛው መስመር ላይ 150 ይላል።