ወደ ሱዢቶን ከመውረዳችሁ በፊት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ጠባብ ቦታ ነው። ደቡብ ፈረንሳይ፣ ማርሴይ ዳር፣ ነጭ ገደል ከግራና ከቀኝ አቅፎ የያዛት፣ ባሕር መሐሏ የገባባት ሱዢቶን። የአገሩ ሰው እንዲህ ያለውን ቦታ ካላንክ ይለዋል።

ካላንክ ባሕር የዋጠው ሸለቆ ነው። ሸለቆውን የቦረቦረው የኖራ ድንጋዩን እየበላ የወረደ ውኃ ነው፤ በኋላ የበረዶው ዘመን አብቅቶ ባሕሩ ወደ 120 ሜትር ገደማ ከፍ ሲል ሸለቆውን ሞላው። ይህን ለማመን የሚቸገር ሰው እዚያው ጎረቤት፣ ሞርዢዩ ወደሚባለው ተራራ ግርጌ ያስብ። አንሪ ኮስኬ የተባለ ጠላቂ በ1985 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አንድ ዋሻ አገኘ። አፉ ያለው ባሕር ውስጥ፣ 37 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። ውስጡ ግን ፈረስ ተሥሏል፣ የሰው መዳፍ ታትሟል፤ ጥንታዊዎቹ ከ27 ሺህ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። እነዚያ ሰዎች የገቡት በእግራቸው ነበር።

አሁን ወደ መንገዱ። ከሉሚኒ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተነስቶ በእግር እስከ ውኃው 1 ሰዓት ግድም ይፈጃል። አወራረዱ ያሳስታል፤ ሲመለሱ ያው ቁልቁለት ዳገት ይሆናል፣ ያውም ፀሐይ በጠናበት ሰዓት። የመጠጥ ውኃ የሚቀዳበት ቦታ የለም። በበጋ ለአንድ ሰው 2 ሊትር ያዙ፣ ግማሹን ለመመለሻ አስቀሩ። ድንጋዩ ብዙ እግር ረግጦት እንደ መስታወት ለስልሷልና ነጠላ ጫማ አያዋጣም፤ ሶሉ የሚቆነጥጥ ጫማ ይሁን። ገደሉ ሥርም አትቀመጡ፤ ጥላው ያጓጓል፣ ግን ድንጋይ ይወርዳል።

ስለ ባሕሩ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ሚስትራል የሚባለው የሰሜን ነፋስ ሲነፍስ ላይ ላዩን የሞቀውን ውኃ ወደ መሐል ባሕር ይገፋዋል፣ በቦታው ከሥር ያለው ቀዝቃዛ ውኃ ይወጣል። ትናንት 24 ዲግሪ የነበረው በሐምሌ ሙቀት መሐል ወደ 15 ሊወርድ ይችላል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ስለሚውል ማንም አይጠረጥርም። ላብ በላብ የሆነ ገላ ድንገት ሲገባበት ትንፋሽ ይቆረጣል። ስለዚህ ከነፋስ ማግስት መጀመሪያ እግር፣ ቀጥሎ ክንድና አንገት እያረጠባችሁ ቀስ ብላችሁ ግቡ። ከአለት ላይ መዝለል ግን ይቅርባችሁ፤ ውኃው ጥርት ቢልም ጥልቀቱ በዓይን አይለካም፣ ከሥር ቋጥኝ አለ።

እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የዛፎቹ ነገር ነው። እዚያ የሚበቅለው አሌፖ ፓይን ነው። ከመንገዱ ወጣ ብሎ የሚረግጥ እግር አፈሩን ያላላዋል፤ ዝናብ ሲመጣ ያጥበዋል። ጎንበስ ብላችሁ ግንዱን እዩት፦ ሥሩ እንደ ሽማግሌ እጅ ጅማት አፍጥጦ ወጥቷል፣ ዙሪያው ባዶ ጠጠር ነው፣ አንድም ቡቃያ የለም። የበቀለውን ሁሉ ሰው ተቀምጦበታል።

ለዚህ ነው ቦታውን የሚያስተዳድረው ብሔራዊ ፓርክ ከ2022 ጀምሮ በበጋ ጎብኚውን በቀን 400 ሰው ላይ የገደበው። ከዚያ በፊት 2,500 ሰው የሚወርድበት ቀን ነበር። ቦታ የሚያዘው አስቀድሞ በኢንተርኔት ነው፣ በነፃ፤ ሳይዙ መግባት 68 ዩሮ ያስቀጣል። ሰው ቅር ይለዋል፣ «ባሕር የሁሉም ነው» ይላል። እኔ ግን ቁጥሩን እደግፋለሁ፤ ያቺ ጠባብ መሬት 2,500 ሰው አትችልም፣ ሥሩ ይመሰክራል።

ቦታ ይዛችሁም ቢሆን ዋዜማውን የእሳት አደጋ ማስታወቂያውን ተመልከቱ። ከሰኔ እስከ መስከረም በፈረንጆቹ፣ ቀይ ከሆነ ተራራው በሙሉ ዝግ ነው። እሳት ማንደድም ሲጋራም ክልክል ነው። የሐብሐብ ልጣጭም ሳይቀር ይዛችሁት ውጡ።

በሉ፣ ቸር ይግጠመን።