ነዋሪውን ሳናውቅ ከተማውን ማወቅ፦ ኢንትሮፒና ውስብስብነት በከተማ ምጣኔ ሀብት

የተከበራችሁ የከተማ ፕላን ባለሙያዎች፣ የምጣኔ ሀብት መምህራንና ተማሪዎች፤

ስለ ከተማና ስለ ኢንትሮፒ እንድናገር ስጋበዝ ብዙ ጊዜ የሚጠበቅብኝ አንድ ዓይነት ንግግር ነው። ኢንትሮፒ ዝብርቅርቅነት ነው፣ ከተሞችም እየተዘበራረቁ ነው፣ ስለዚህ ሥርዓት እናስይዛቸው የሚል። ይህን ንግግር አልወደውም። ለእሮሮ ይመች ይሆናል እንጂ ለስሌት አይበጅም። በእኛ ሙያ ኢንትሮፒ ቆጠራ ነው፤ ከላይ የምናየው አንድ ውጤት ከሥሩ በስንት ልዩ ልዩ መንገድ ሊገኝ እንደሚችል የሚቆጥር ቆጠራ።

እስቲ በትንሹ እንቁጠር። አራት ሠራተኞችና ሁለት የሥራ ቦታዎች አሉ እንበል። እያንዳንዱ ሠራተኛ ከሁለቱ አንዱ ጋ ስለሚገባ ድልድሉ በ16 መንገድ ሊሆን ይችላል። አራቱም ተሰብስበው የመጀመሪያው ቦታ የሚገቡበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ሁለት ለሁለት የሚካፈሉበት ግን 6 ነው። አሁን ሠራተኞቹን 100 እናድርጋቸው። ሁሉም የመጀመሪያው ቦታ የሚከማቹበት መንገድ ያው አንድ ሆኖ ይቀራል። ሃምሳ ለሃምሳ የሚካፈሉበት መንገድ ግን ከ1 ቀጥሎ 29 ዜሮ የሚደረደርለት ቁጥር ያህል ይሆናል። ሊኖሩ ከሚችሉት ድልድሎች ሁሉ ከመቶ 96 ያህሉ በመጀመሪያው ቦታ ከ40 እስከ 60 ሰው የሚያስቀምጡ ናቸው። ስለ አንዱም ሠራተኛ ፍላጎት፣ ገቢም ሆነ ጸባይ ያወቅነው ነገር የለም። ሆኖም ስለ ጠቅላላው ድልድል ብዙ መናገር ቻልን። ዛሬ የምለው ነገር የሚቆመው በዚህ ላይ ነው፤ አለማወቃችንን ሳንደብቅ በስሌቱ ውስጥ ካስገባነው ስለ ከተማው ብዙ እናውቃለን። ይህ ዕውቀት ግን ወሰን አለው፤ ወሰኑ የት ላይ እንደሆነ የሚያሳየን ደግሞ የውስብስብ ሥርዓቶች፣ ማለትም ክፍሎቻቸው እርስ በርስ እየተነካኩ የሚለዋወጡ ነገሮች፣ ጥናት ነው።

ቀድሞ የነበረው አካሄድ ሌላ ነበር። ዊልያም ራይሊ በ1931 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ለገበያ፣ ጆርጅ ዚፍ በ1946 በከተሞች መካከል ለሚደረግ እንቅስቃሴ የስበትን ሕግ ተዋሱ፤ የሁለቱ ከተሞች ሕዝብ በጨመረ ቁጥር መሳሳቡ ይበረታል፣ ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ይላላል። ቀመሩ ከመረጃው ጋር ብዙ ጊዜ ይገጥማል። ለምን እንደሚገጥም ግን በቂ ማብራሪያ አልነበረም፤ ሰው ፕላኔት አይደለምና። ጉድለቱም ቶሎ ይታያል። የመነሻውም የመድረሻውም ሕዝብ እጥፍ ቢሆን ቀመሩ ጉዞው አራት እጥፍ ይሆናል ይለናል። የሰዉ ቁጥር እጥፍ ስለሆነ እያንዳንዱ ሰው በቀን ሁለት ጊዜ ወደ ሥራ ይሄዳል ማለት ነው?

በ1967 እንግሊዛዊው አለን ዊልሰን ጥያቄውን ገለበጠው። በእጃችን ያለው ምንድን ነው? በየሰፈሩ ስንት ሠራተኛ እንደሚኖር፣ በየሰፈሩ ስንት ሥራ እንዳለ፣ ሁሉም ሰው በጠቅላላው ለጉዞ ስንት እንደሚያወጣ። ከዚህ በላይ አናውቅም። እንግዲያው ከእነዚህ ሦስት መረጃዎች ጋር ከሚስማሙት የጉዞ ሠንጠረዦች መካከል በብዙ መንገድ ሊገኝ የሚችለውን እንምረጥ አለ። ስሌቱ ሲሠራ ከስበት ሞዴል ጋር የሚቀራረብ ቀመር ወጣ፤ ኒውተንን ግን መጥራት አላስፈለገውም። ከየሰፈሩ የሚወጣው ጉዞ ከሠራተኛው ቁጥር ጋር እንዲመጣጠን ስለሚገደድ ያ የአራት እጥፍ ችግርም ይጠፋል። መሣሪያው ሉድቪግ ቦልትስማን በ1877 ስለ ጋዝ ቅንጣቶች የሠራበት ነው። ይሁንና የከተማ ነዋሪዎችን እንደ ጋዝ ቅንጣት ቆጥሯል የሚለው ነቀፋ ዒላማውን ይስታል። ክላውድ ሻነን በ1948 ኢንትሮፒን የመረጃ መለኪያ ካደረገው፣ ኤድዊን ጄይንስም በ1957 ይህንኑ ተንተርሶ ባልተሟላ መረጃ የማሰቢያ ደንብ መሆኑን ካስረዳ ወዲህ ጋዙ አንድ ምሳሌ ብቻ ነው።

ከቀመሩ የቀረችው አንዲት ቁጥር ቤታ ትባላለች። ከፍ ስትል ሰው ከቤቱ አቅራቢያ ሥራ ይይዛል፤ ወደ ዜሮ ስትጠጋ ርቀት ምንም ማለት አይሆንም። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ መናገር እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ጥናት የሚሰናከለው እዚህ ነው። ቤታ የነዋሪው ባሕርይ አይደለችም። ዛሬ ባለው መንገድ፣ ዛሬ ባለው የትራንስፖርት ዋጋና ዛሬ ባለው የቤትና የሥራ አቀማመጥ የተለካች ናት። አዲስ የባቡር መስመር የሚያስከትለውን ለውጥ ለመተንበይ መስመሩ ሳይኖር የተለካችውን ቤታ እንዳለች መውሰድ፣ የሚለወጠውን ነገር እንደማይለወጥ አድርጎ መነሳት ነው።

ከምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች የተሰነዘረው ቅሬታ ሌላ ነበር፤ የሰው ምርጫ የታለ? ዳንኤል ማክፋደን፣ በ2000 የኖቤል ሽልማት ያገኘው፣ ከግለሰቡ ምርጫ ተነስቶ የሎጂት ሞዴልን፣ ሰው ካሉት አማራጮች እያንዳንዱን የመምረጥ ዕድሉን የሚያሰላውን፣ አስፋፍቶ ነበር። አሌክስ አናስ በ1983 እንዳሳየው ሁለቱ መንገዶች የሚያደርሱት እዚያው ቀመር ላይ ነው። አንዱ ካለማወቅ፣ ሌላው ከፍላጎት ተነስቶ እዚያው መድረሱ እኔን እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ ተማሪዎቼን ግን የሚያስደንቃቸው አይመስልም።

አሁን ወደ ወሰኑ ልምጣ። እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ሕንፃዎቹ ባሉበት ቆመው ሰዉ ሲንቀሳቀስ ነው። ጉዞ በቀናት ይለወጣል፤ ሕንፃ ግን በዓመታት ይተከላል፣ በዓመታት ይፈርሳል። ብሪተን ሃሪስና ዊልሰን በ1978 ሁለቱን አገናኙ። የገበያ ማዕከል ገቢው ከወጪው ሲበልጥ ይሰፋል፣ ሲያንስ ይጠባል። ሸማቹ ደግሞ በማዕከሉ ስፋትና በጉዞው ወጪ ይሳባል። የስፋት ማራኪነት ደካማ እስከሆነ ድረስ ትናንሽ ማዕከሎች ጎን ለጎን ይኖራሉ። ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ማራኪነቱ ከእጥፍ በላይ የሚጨምር ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ጥቂት ማዕከሎች ይገዝፋሉ፤ ሌሎቹ ቀስ በቀስ ከመክሳት ይልቅ አንድ ነጥብ ላይ ሲደርሱ በድንገት ይወድቃሉ። የነዳጅ ዋጋ በጥቂቱ ረከሰ፣ ለዓመታት የቆየው ማዕከል ተዘጋ። ዋጋው ወደ ቀድሞው ቢመለስ ማዕከሉ ተመልሶ አይከፈትም፤ ሱቅ የሌለበት ቦታ ሸማች አይስብምና። ኢንትሮፒ ብዙ መንገድ ያለውን ውጤት ይነግረናል። ከተማው ግን ብዙ ጊዜ ያለው ታሪኩ ባደረሰው ውጤት ላይ ነው።

በመኖሪያ ሰፈርም እንዲሁ ነው። ቶማስ ሼሊንግ በ1971 እንዳሳየው፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ ከጎረቤቶቹ ሲሶው ብቻ የራሱ ወገን ቢሆን የሚበቃው ሆኖ ሳለ፣ ማንም ያልፈለገው ተለያይቶ መኖር ይከተላል። የአንዱ መልቀቅ የሌላውን ሚዛን ስለሚያዛባ ነው። ከተገኘው ሰፈር ተነስቶ የነዋሪውን ሐሳብ ማንበብ እንግዲህ አያስተማምንም።

በመጨረሻ፣ ኢንትሮፒ በፕላን ቢሮዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኝበትን ቦታ ላንሳ፤ የቅይጥ የመሬት አጠቃቀም መለኪያውን ማለቴ ነው። ዜሮ ማለት አንድ ዓይነት አጠቃቀም ብቻ፣ 1 ማለት ሙሉ በሙሉ እኩል ቅይጥ። በዘገባ ውስጥ 0.9 ሲጻፍ ሁሉም ደስ ይለዋል።

የቼዝ ሰሌዳ አስቡ። ከ64ቱ ካሬዎች 32ቱ መኖሪያ፣ 32ቱ ንግድ ናቸው። በመጀመሪያው ሰሌዳ መኖሪያው ሁሉ በግራ፣ ንግዱ ሁሉ በቀኝ ነው። በሁለተኛው እንደ ጥቁርና ነጭ ካሬዎች ተፈራርቀዋል። መለኪያው ለሁለቱም 1 ይሰጣል። በአንደኛው ሰሌዳ ዳር ያለ ነዋሪ ሱቅ ለመድረስ አራት ካሬ ይሄዳል፤ በሁለተኛው ሱቁ አጠገቡ ነው። መለኪያው ድርሻን እንጂ አቀማመጥን አያይም።

አሁን ሰሌዳዎቹን በመሃላቸው አንዴ በቁም አንዴ በአግድም አራት እኩል ቦታ ቆርጣችሁ እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው ለኩት። በግራና በቀኝ የተከፈለው ሰሌዳ በአራቱም ቁራጮች ዜሮ ይሆናል፤ የተፈራረቀው አሁንም 1 ነው። ቁራጩን እስከ አንድ ካሬ ብታሳንሱት ሁለቱም ዜሮ ይሆናሉ። መለኪያው እንግዲህ ስለ ከተማው የሚናገረውን ያህል እኛ ስለመረጥነው የዞን ስፋትም ይናገራል። የሚጠቅመው አንዱ ቁጥር ሳይሆን ዞኑ ሲጠብ ቁጥሩ የት ላይ እንደሚወድቅ ማየት ነው። ስለዚህ ይህን መለኪያ የያዘ ሰነድ ሲቀርብላችሁ በምን ያህል ስፋት እንደተለካ ጠይቁ፤ ቢያንስ በሦስት የተለያዩ ስፋቶች ተለክቶ ካልመጣም ወደ አዘጋጁ መልሱት።

አመሰግናለሁ። ለጥያቄዎቻችሁ ዝግጁ ነኝ።