መንገድ በጠረገ ሰው አይሳቅም

የተከበራችሁ መምህሮቼ፣ የሙያ ጓደኞቼ፣ ውድ ተማሪዎች፤ እንኳን ለዓለም የትርጉም ቀን አደረሳችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ «የአውሮፓ ህዳሴ እና የዌልስ ቋንቋ» ነው። ስለ እሱ እናገራለሁ። ግን አምና እዚሁ አዳራሽ የድሮ ትርጉሞች ሲነበቡ የተሳቀው ሳቅ ከሆዴ አልወጣም። ስለዚህ ዛሬ አንድ የተሳቀበት ሰው ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ዊሊያም ሳልስበሪ ይባላል፤ አዲስ ኪዳንን ወደ ዌልስኛ መልሶ ለኅትመት ያበቃ የ16ኛው መቶ ዓመት ዌልሳዊ ሊቅ ነው።

ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ልጥራ። በ1536 የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዌልስን ከእንግሊዝ ጋር የሚያዋህድ ሕግ አወጣ። የፍርድ ቤቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆነ። እንግሊዝኛ የማይችል ዌልሳዊ ሹመት ቀረበት። አገሩ የባለቅኔ አገር ነው፤ ቅኔው ግን በቃልና በብራና ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር የሚተላለፍ ነበር። በዌልስኛ የታተመ መጽሐፍ የሚባል ነገር እስከ 1546 ድረስ አልነበረም።

ሳልስበሪ የተማረው ኦክስፎርድ ነው። ጊዜው የሂዩማኒስቶች፣ የጥንቱን ጽሑፍ የሚያጠኑ የህዳሴው ሊቃውንት ነው። ወደ ምንጩ ተመለሱ፣ ግሪኩን በግሪክ፣ ዕብራይስጡን በዕብራይስጥ አንብቡ ይላሉ። ከእነሱ አንዱ የሆነው ኢራስመስ በ1516 የግሪኩን አዲስ ኪዳን ሲያሳትም ገበሬው ሞፈር ጨብጦ፣ ሸማኔው መወርወሪያውን ይዞ ቃሉን እንዲያዜም ተመኝቶ ነበር። ሳልስበሪ ይህን ምኞት ለወገኖቹ ፈለገው። በ1547 የዌልስ ምሳሌያዊ ንግግሮችን አሳተመ። በመቅድሙ ሕዝቡን ተማጸነ፤ በባዶ እግራችሁም ቢሆን ወደ ንጉሡ ሂዱ፣ ቅዱስ መጽሐፍ በቋንቋችሁ ይሰጠን በሉ አለ። በዚያው ዓመት መዝገበ ቃላትም አወጣ።

በ1563 የእንግሊዝ ፓርላማ መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ዌልስኛ እንዲተረጎም ሕግ አወጣ። ይህን ሕግ የሚያወድሱ አሉ። እኔ አላወድሰውም! ያው ሕግ የእንግሊዝኛውም መጽሐፍ በየቤተ ክርስቲያኑ አብሮ እንዲቀመጥ ያዛል። ለምን? ሕዝቡ ሁለቱን እያስተያየ እንግሊዝኛ እንዲማር። ቋንቋውን ያዳኑት ሕግ አውጪዎቹ አይደሉም። አበርግዊሊ በሚባል ቦታ፣ ጳጳሱ ሪቻርድ ዴቪስ ቤት ተቀምጠው የደከሙት ሰዎች ናቸው። አዲስ ኪዳኑ በ1567 ወጣ። ጳጳሱና ቶማስ ሂዌት የተወሰኑ ክፍሎችን ሠሩ፤ አብዛኛው ግን የሳልስበሪ እጅ ነው።

ኅትመቱ ለንደን ነው። ዌልስኛ እንደ ልብ የሚያውቅ ማተሚያ ቤት የለም። ፊደሉም አይበቃም። ሳልስበሪ ራሱ እንደጻፈው፣ አታሚዎቹ ዌልስኛ የሚፈልገውን ያህል የ«ኬ» (K) ፊደል ስላልነበራቸው በ«ሲ» (C) ተካው። ዌልስኛ ዛሬም ያለ «ኬ» ይጻፋል። በእነዚያው ዓመታት የእኛው አባ ተስፋ ጽዮን ሮም ላይ ምን እንደገጠማቸው ታውቃላችሁ። በ1548 እና 49 የግዕዙን አዲስ ኪዳን ሲያሳትሙ አታሚዎቹ ማንበብ አይችሉም፣ እኛም ማተም አናውቅም፣ ዕውር ዕውርን እንደሚረዳ ተረዳዳን ብለው ይቅርታ ጠየቁ። እዚህ አዳራሽ ያለ ተርጓሚ ይህን ሰምቶ እንዴት ይስቃል?

በሳልስበሪ የተሳቀው በአጻጻፉ ነው። ቋንቋው የላቲን ዘመድ መሆኑን ለማሳየት ፊደሉን ወደ ላቲን አስጠጋው። ቃል ሲነገር የሚለወጠውን ድምፅ ብዙ ጊዜ ሳይጽፍ ተወው። ጮክ ብሎ ለሚያነብ ቄስ መከራ ነበር። በዘመኑም ጆሮ አይቀበለውም ተብሎ ተጻፈበት። እሺ፣ ከባድ ነው። ግን የሰሜኑም የደቡቡም ሰው እንዲረዳው በየኅዳጉ አማራጭ ቃላት የደረደረው ማን ነው? ከግሪኩ ጋር ታግሎ ለዌልስኛ የሊቃውንት ክብር የፈለገው ማን ነው?

በ1588 ዊሊያም ሞርጋን መላውን መጽሐፍ ቅዱስ አወጣ። ብሉይ ኪዳኑን ከዕብራይስጥ ተረጎመ፣ አጻጻፉን አስተካከለ፣ የባለቅኔዎቹን ንጹሕ ቋንቋ ይዞ ሠራ። ዌልስ ታመሰግነዋለች፤ ይገባዋል። ግን አዲስ ኪዳኑ የሳልስበሪ ትርጉም ታርሞ ነው! ሞርጋን ያረመው የሚታረም ነገር ስላገኘ ነው። ባዶ ወረቀት አይታረምም!

ጎረቤቱን ኮርንኛን፣ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ይነገር የነበረውን የዌልስኛ ዘመድ ቋንቋ እዩ። ያን ጊዜ መጽሐፍ ቅዱስ አልተተረጎመለትም፤ በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የዕለት መነጋገሪያነቱ አበቃ።

የቀረውን ባጭሩ ልበል። በ1620 የሞርጋን ትርጉም ተሻሻለ። በ1621 የጆን ዴቪስ ሰዋስው፣ በ1632 መዝገበ ቃላቱ ወጣ። ከ1730ዎቹ ጀምሮ የግሪፍዝ ጆንስ ተዘዋዋሪ ትምህርት ቤቶች ብዙ ሕዝብ በዚያ መጽሐፍ ማንበብ አስተማሩ። በ2021 ቆጠራ ዌልስ ውስጥ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ዌልስኛ እችላለሁ ብሏል።

ከሰዓት በኋላ ስለ ድሮ ትርጉሞች ዳግም ኅትመት እንወያያለን። ሐሳቤን አሁኑኑ ላስመዝግብ። የመጀመሪያው ተርጓሚ ስም ከአራሚው ስም በላይ፣ በዚያው መጠን ፊደል፣ ሽፋኑ ላይ ይታተም። አመሰግናለሁ።