የፈረምነው ለመገኘታችን ነው

የተከበራችሁ የቀበሌያችን ነዋሪዎች፣ ወተት አርቢ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከመሬት አስተዳደርና ከአካባቢ ጥበቃ የመጣችሁ ባለሙያዎች፤ እንደምን ዋላችሁ።

ስትገቡ በር ላይ ፈርማችኋል? እኔም ፈርሜያለሁ። ስም፣ ስልክ፣ ፊርማ። ከወረቀቱ አናት ላይ ምን እንደተጻፈ ያነበባችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። ብዙ እጅ አይወጣም ብዬ ነው የመጣሁት።

ላም ማርባት ሳልጀምር ለዓመታት የልማት ሠራተኛ እንደነበርኩ ታውቃላችሁ። ቃለ ጉባኤ መጻፍ የኔ ሥራ ነበር። ዛሬ ልናዘዝ፦ «ኅብረተሰቡ በጉዳዩ ላይ በሰፊው ተወያይቶ በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል» የሚለውን፣ ስብሰባው ሳይጀመር የጻፍኩባቸው ቀናት አሉ። የፊርማውን ወረቀት ከኋላው አያይዛለሁ፣ አለቀ። ክፋት አልነበረም። ሪፖርቱ ለነገ ይፈለጋል፣ ሹፌሩ ይቸኩላል፣ ሰዉም እርቦታል። እንዲህ እንዲህ እያለ ነው ዝም ያለ ሰው ሁሉ የተስማማ የሚሆነው።

የዛሬው ጉዳያችን የከብቶቻችን እበት ተሰብስቦ የሚገባበት ትልቅ የባዮጋዝ ማብላያ፣ ማለትም እበት ታምቆ የሚነድ ጋዝ የሚወጣበት ጉድጓድ፣ የት ይሠራ የሚል ነው። ከወዲሁ ልናገርና ልረፍ፤ ማብላያውን እደግፋለሁ። ድሮ በየቤቱ አራት አምስት ከብት በነበረ ጊዜ እበት ሀብት ነበር። እናቶቻችን ጠፍጥፈው ኩበት ያደርጉታል፣ ክረምቱን የምንሻገረው በእሱ ነው። አሁን ሃያ የፈረንጅ ላም ታስሮ የሚጥለውን ማን ጠፍጥፎ ይጨርሰዋል? ወደ ቦዩ ይገፋል። ከቦዩ በሬሳ ወንዝ ይገባል። ከታች ያሉት ከብት ያጠጡበታል። ይህ መቆም አለበት።

ጥያቄዬ ስለ ቦታው ነው። አዳማ ላይ በሁለቱ የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች 136 ተርባይኖች ተተክለዋል። ገበሬው በማማዎቹ መሃል ያርሳል። ነፋስ አይሸትም። እበት ግን ይሸታል፣ ይፈስሳል፣ ቀን ከሌት መኪና ያመላልሳል። ስለዚህ መቶ ሜትር ወዲህ ወይም ወዲያ መሆኑ ለአንድ ቤት ትልቅ ነገር ነው።

ከራሴ ግቢ ልጀምር። የቤቴን ማብላያ ቦታ የመረጠው ልጅ ጎበዝ ነበር። ሜትር ይዞ ከበረቱ ለካ፣ ከወጥ ቤቱ ለካ፣ ችካል መታ። ባለቤቴ እንጀራ እየጋገረች በበሩ አየችውና «እዚያ ጋ እኮ ክረምት ውሃ ይተኛል» አለችው። ልጁ ፈገግ አለ። እኔም ሐቁን ልንገራችሁ፣ ዝም አልኩ። ባለሙያ ነዋ! ሐምሌ ላይ ጎርፉ ጋዙ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ዝቃጭ በሚወጣበት በኩል ገባ። እበትና ውሃ እኩል ለእኩል ነው የሚበጠበጠው፤ የኛ ግን ቀጥኖ ቀጥኖ ሾርባ ሆነ። ዝቃጩ ገንፍሎ ጎመኑን ሸፈነው። ሁለት ወር ሙሉ እሳት የሚባል አላየንም።

ከዚያ ኅዳር መጣ። የደብረ ብርሃንን ውርጭ ለእናንተ አልነግራችሁም። ጋዙን የሚሠሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ሙቀት ይወዳሉ፣ ሲበርዳቸው ይለግማሉ። ጉድጓዳችን ደግሞ የተቆፈረው ጠዋት ፀሐይ በማይደርስበት፣ ከግንቡ ጥላ ሥር ነው። ባለቤቴ ብትጠየቅ ይህንንም ትነግረው ነበር። ልብስ የምታሰጣው የት ሆነና! (እንጀራውማ እስከዛሬ በኩበት ነው። የኛ ባዮጋዝ ወጥ ይሠራል፣ ቡና ያፈላል፤ ለምጣድ ግን አቅም የለውም።)

ይህ የአንድ ግቢ ኪሳራ ነው፤ ቆፍረን አስተካከልነው። ትልቁ ሲበላሽ ግን እንዲህ አይቀልም።

አዲስ አበባ ስንሄድ ሁላችንም ሰንዳፋን እናልፋለን። እዚያ በፈረንሳይ የልማት ተቋም ድጋፍ ዘመናዊ የቆሻሻ ማስወገጃ ተሠራ። በ2008 ዓ.ም. ቆሻሻ መቀበል ጀመረ። በዙሪያው ያሉት አርሶ አደሮች ስለ ሽታው፣ ስለ ፍሳሹ፣ ስለ ከብቶቻቸው መታመም ጮኹ። በደንብ አልተጠየቅንም አሉ። በወራት ውስጥ ሥራው ቆመ፣ የአዲስ አበባ ቆሻሻም ወደ አሮጌው መጣያ፣ ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተደረመሰ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ሰንዳፋ ቢሠራ ኖሮ ያ አይደርስም ነበር ብዬ አልምልም፤ ቆሼ የተከመረው በብዙ አሥርት ዓመታት ነው። ግን ያ ሁሉ ገንዘብ ወጥቶ፣ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ካለቀ በኋላ ነው የገበሬው ድምፅ የተሰማው። ቀድሞ ቢጠየቅ የአንድ ሳምንት ጨዋታ ነበር።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 92 በቀጥታ በሚነካን ፕሮጀክት ላይ ሐሳባችንን የመግለጽ መብት አለን ይላል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ደግሞ የጥናቱ ሰነድ ለሕዝብ እንዲቀርብ፣ ተጎጂ ሊሆን የሚችለው ማኅበረሰብ አስተያየትም እንዲካተት ያዛል። እንግዲህ የኛ ሰነድ የት አለ? በአማርኛ የተጻፈ፣ ቀበሌ ሄጄ ተቀምጬ የማነበው?

እስኪመጣ የኛን ጥያቄ እናዘጋጅ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ወዴት ነው የሚነፍሰው? የክረምቱ ውሃ ወዴት ይወርዳል? ከሥሩ የማን ምንጭ አለ? እበት የጫነው መኪና በትምህርት ቤቱ በር ነው የሚያልፈው? ዝቃጩስ? በደንብ ከተያዘ ከማዳበሪያ የሚተናነስ አይደለም። ታዲያ ለማን ነው የሚሰጠው፣ በነፃ ነው ወይስ መልሶ ሊሸጥልን?

ለእነዚህ መልስ ያላቸው ሰዎች ግን እዚህ የሉም። ዘወር ብላችሁ ብትቆጥሩ ስንት ሴት ነው ያለው? ስብሰባው የተጠራው ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ ማለቢያ ሰዓት! እበት የሚዝቁት፣ ውሃ የሚቀዱት አሁን ላም ሥር ናቸው።

ሰብሳቢያችን ከፈቀዱ የበሩን ወረቀት ያምጡልኝ። እስክሪብቶ ይዣለሁ። ከአናቱ ላይ «ይህ ፊርማ በስብሰባው መገኘታችንን ብቻ ያሳያል» ብዬ ልጻፍበትና ይነበብልን። ቀጣዩን ስብሰባ እሑድ ረፋድ ላይ፣ እዚያው የታሰበው መስክ ላይ እናድርገው። ባለሙያዎቹም ብትመጡ ደስ ይለናል፤ ቦት ጫማ ግን አድርጉ፣ ቦታው ረግረግ ነው።