በግ ካልጋጠው የሚጠፋ ኮረብታ

በደቡብ እንግሊዝ፣ በሳውዝ ዳውንስ ኮረብታዎች ላይ የብርድ ወራቱን የቁጥቋጦ ምንጠራ ለሚጀምሩ አማርኛ ተናጋሪ በጎ ፈቃደኞች የተዘጋጀ ንግግር

እንደምን አደራችሁ፣ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች።

ዛሬ መጋዝና የቅርንጫፍ መቀስ ይታደላችኋል፤ ከዚያም ዛፍ ቁረጡ ትባላላችሁ። "ዛፍ ትከሉ" እየተባለ ላደገ ሰው ነገሩ ግር ይላል። አገር ቤት የተራቆተ ተራራ ከከብት ንክኪ ሲጠበቅ ሣሩ እንደሚመለስ የማያውቅ የለም። በመንዝ ጓሳን ለብዙ ትውልድ ያቆየው የቀሮ ሥርዓት ዋና ዘዴው መዝጋት ነበር፤ መሬቱ ለዓመታት ይዘጋል፣ ጓሳው ሲደርስ ይከፈታል። ይህን ኮረብታ ግን አጥራችሁ ብትተዉት በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ እሾህ ይሆናል፣ ቀጥሎም ጫካ። ጫካ መሆኑ በራሱ ክፉ አይደለም። ከሥሩ የሚጠፋው ነገር ግን በቀላሉ አይመለስም። ምክንያቱን ሳያውቅ የሚቆርጥ ሰው ወይ እጁ ይሳሳል፣ ወይ የማይነካውን ይነካል፤ ስለዚህ ከመሬቱ ልጀምር።

የቆማችሁበት ድንጋይ ጠመኔ ነው። ዛሬ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጻፍበት ባብዛኛው ጂፕሰም ስለሆነ እውነተኛውን ጠመኔ ያገኛችሁት አሁን ነው ማለት ይቻላል። ከ100 ሚሊዮን እስከ 66 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ይህ ምድር በባሕር ተሸፍኖ ነበር። በዓይን የማይታዩ አልጌዎች የኖራ ቅርፊታቸውን እያረገፉ ከባሕሩ ወለል ላይ በመቶ ሜትሮች የሚቆጠር ውፍረት ከመሩ። ኋላ አልፕስን ያቆመው የምድር ግፊት ይህንንም አገር አጎበጠው። የጉብታው አናት ተሸርሽሮ ሲሄድ ጠርዞቹ ብቻ ቀሩ፤ ሰሜናዊው ኖርዝ ዳውንስ፣ ደቡባዊው ሳውዝ ዳውንስ ተባለ። ለዚህ ነው ሳውዝ ዳውንስ ወደ ሰሜን ቀጥ ያለ ግንባር፣ ወደ ባሕሩ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚወርድ ጀርባ ያለው። ጀርባው ባሕር ሲደርስ በሰቨን ሲስተርስና በቢቺ ሄድ ተቆርጦ ይቆማል። ቢቺ ሄድ 162 ሜትር ነው፤ ብሪታንያ ውስጥ ከእሱ የሚረዝም የጠመኔ ባሕር ገደል የለም። አካባቢው እ.ኤ.አ. በ2010 ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ተከለለ፤ ስፋቱ ከ1,600 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፣ ከዊንቸስተር እስከ ኢስትቦርን በአናቱ የሚሄደው የእግር መንገድ ደግሞ 160 ኪሎ ሜትር ነው።

በጠመኔ ላይ ዝናብ አይቆምም፤ ይሰርጋል። ከላይ ያለው አፈር ስስ ነው፤ ብዙ ቦታ አካፋ ገና ሲገባ ነጩን ድንጋይ ይመታል። አፈሩ ኖራ የበዛበት፣ ፎስፈረስና ናይትሮጅን ያነሰው ነው። ገበሬ ቢያየው ያዝንለታል። የኮረብታው ሀብት ግን ይኸው ድህነቱ ነው። በለማ አፈር ላይ ሁለት ሦስት ጠንካራ ሣሮች ሽቅብ ተመዝዘው ሌላውን በጥላቸው ይገድሉታል፤ እዚህ ግን ማንም የማደጊያ አቅም ስለሌለው ማንም አያሸንፍም። ጥሩ ሆኖ በተያዘ አንድ ካሬ ሜትር ውስጥ እስከ 40 ዓይነት ዕፅዋት ተጠጋግተው ይኖራሉ። ተንበርከኩና እዩ። ያ ቀጭን ሣር ከመንዙ ጓሳ ጋር አንድ ወገን ነው፤ "የበግ ጓሳ" ብንለው አንሳሳትም፣ እንግሊዞቹም በበግ ስም ነው የሚጠሩት። ስትረግጡት የሚሸተው ደግሞ ጦስኝ ነው፤ የእኛ ደጋ ጦስኝ ወንድም። በበጋ የሰሴክስ ኩራት የሚባለው ክብ ሰማያዊ አበባና ንብ የሚመስል ኦርኪድ ይወጣሉ።

ይህን ሣር ሰውና በግ ናቸው የሠሩት። ጫካውን መመንጠር የጀመሩት በድንጋይ ዘመን የነበሩ ገበሬዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት ሥርዓቱ እንዲህ ነበር፦ በጎቹ ቀን ኮረብታው ላይ ይግጣሉ፣ ማታ ወደ ሸለቆው ወርደው ከጭራሮ በተጠለፈ ተነቃይ አጥር ውስጥ እርሻ ማሳ ላይ ያድራሉ። በጠጡና ሽንቱ የሚቀረው ማሳው ላይ ነው። ማሳው በየዓመቱ ሲለማ ኮረብታው በየዓመቱ ይደኸያል፤ አበባው የቆመው በዚህ አንድ አቅጣጫ ብቻ ባለው ጉዞ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ግላይንድ በተባለ መንደር ጆን ኤልማን ያሻሻለው የሳውዝዳውን በግ ለዚህ ኑሮ የተበጀ ነበር።

ይህ ሥርዓት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የእህል ዋጋ ሲወድቅ ላላ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለምግብ ሲባል ብዙው ታረሰ፤ ከዚያ በኋላ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ መጣ። በበግ ፈንታ ሣሩን ያሳጥሩ የነበሩት ጥንቸሎችም እ.ኤ.አ. በ1953 ብሪታንያ በገባው ሚክሶማቶሲስ በተባለ በሽታ በሁለት ዓመት ውስጥ 95 ከመቶ ያህሉ አለቁ። ከጦርነቱ ወዲህ ከብሪታንያ የጠመኔ ሣር መሬት 80 ከመቶ ገደማ እንደጠፋ ይገመታል። እዚህ ፓርክ ውስጥ የቀረው እንኳ ቁርጥራጭ ነው፣ ባብዛኛውም ማረሻ ሊወጣው ያልቻለ ቀጥ ያለ ተዳፋት።

አሁን ወደ ሴንቲሜትር እንውረድ፤ ጠቅላላው ጉዳይ እዚያ ነው። አዶኒስ ብሉ የምትባለው ደማቅ ሰማያዊ ቢራቢሮ እንቁላሏን የምትጥለው ሆርስሹ ቬች በሚባል፣ ከባቄላና ከጓያ ወገን በሆነ ቢጫ አበባ ላይ ብቻ ነው። ተክሉ መኖሩ ግን አይበቃትም። በዙሪያው ያለው ሣር ከ1 እስከ 4 ሴንቲሜትር፣ ተዳፋቱ ወደ ደቡብ የዞረ፣ መሬቱ ፀሐይ የሚያሞቀው መሆን አለበት። አባጨጓሬዋ ጣፋጭ ፈሳሽ ታመነጫለች፤ ጉንዳኖች እሱን እየላሱ ከጠላት ይጠብቋታል። ሣሩ አሥር ሴንቲሜትር ሲደርስ ተክሉ አሁንም አለ፣ መሬቱ ግን በጥላ ይቀዘቅዛል። ቢራቢሮዋ ትሄዳለች፣ የሚያልፈው ሰው ደግሞ "እንዴት ያለ ለምለም ሣር!" ይላል።

የዚህ ትልቁ ምስክር ላርጅ ብሉ የምትባለው ሌላ ቢራቢሮ ናት። የእሷ አባጨጓሬ በአንድ የቀይ ጉንዳን ዓይነት ተወስዳ ጎጆው ውስጥ ትገባና የጉንዳኑን እጭ እየበላች ታድጋለች። ሰብሳቢዎች እንዳይጨርሷት ተብሎ ከመኖሪያዎቿ አንዱ ታጥሮ ነበር፤ አጥሩ ከሰብሳቢው ጋር ከብቱንም ከለከለ፣ ሣሩ ረዘመ፣ ሙቀት ፈላጊው ጉንዳን ጠፋ፣ ቢራቢሮዋም ተከተለችው። እ.ኤ.አ. በ1979 ከብሪታንያ ጨርሳ ጠፋች። ተመራማሪዎች ምሥጢሩ የሣሩ ቁመት መሆኑን የደረሱበት በመጨረሻው ሰዓት ነው። ዛሬ ያሉት ከ1980ዎቹ ጀምሮ ከስዊድን የመጡት ዘሮች ናቸው።

እንግዲህ ወደ ሥራችን። የምንቆርጠው ከሴፕቴምበር እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወፎች ጎጆ ይሠራሉ። ጉቶውን ከመሬት ጋር ተጠግታችሁ በአግድም ቁረጡት። በሰያፍ የተቆረጠ ጉቶ ካስማ ነው፤ የበግ ኮቴ ይወጋል፣ የሰው ቦት ጫማ ይበሳል። ከፍ ብሎ የቀረ ጉቶ ደግሞ በኋላ የሚመጣውን የማጨጃ መኪና ምላጭ ይሰብራል። ዶግዉድ የተባለውን፣ በብርድ ወራት ቅርንጫፉ የሚቀላውን፣ ለብቻው አስቡት። አንዱን ስትቆርጡት ከሥሩ ብዙ ሆኖ ይነሣል፤ ቆርጦ መሄድ ማባዛት ነው። ስለዚህ ጉቶው ወዲያው በፀረ-አረም መቀባት አለበት፤ ይህንን የሚሠራው የምስክር ወረቀት ያለው ሰው ብቻ ስለሆነ እናንተ ጉቶው እንዳይረሳ ምልክት አድርጉለት። ካልሆነም በሚቀጥለው ዓመት ቡቃያው ገና ለጋ ሳለ ፍየል ወይም በግ ሊገባበት ይገባል።

የተቆረጠውን ሁሉ፣ ትንንሹን ጭራሮ ሳይቀር፣ ከሣሩ ላይ አንሱ። እዚያው ከበሰበሰ አፈሩን ያዳብራል፤ ማዳበር ማለት እዚህ ማበላሸት ነው። የምናቃጥለው ከመሬት ከፍ ተደርጎ በተዘጋጀ ቆርቆሮ ላይ ነው፣ አመዱም ተጭኖ ይሄዳል። መሬት ላይ እሳት የተነደደበት ቦታ ለዓመታት ያስታውቃል፤ በጦስኙ ፈንታ ሳማ ይበቅልበታል። ሁሉንም ግን አንመነጥርም። ዳር ዳሩን እየጠማዘዝን እንተዋለን፤ ነፋስ የሚከልለው ሞቃት ጥግ ለቢራቢሮም ለወፍም ያስፈልጋል።

ምንጠራው በር መክፈቻ ነው፤ ቤቱን የሚጠብቀው ግጦሹ ነው። እዚህም ስህተት ሞልቷል። በበጋ ብዙ በግ ከገባ አበባው ዘር ሳይጥል ይበላል፤ ስለዚህ ከባዱ ግጦሽ በመከርና በብርድ ወራት ይሆናል፣ መሬቱም ተከፋፍሎ በተራ ይጋጣል። ያረጀና የሻከረ ሣር በግ አይነካውም፤ እዚያ ከብት ወይም ኤክስሙር የሚባለው ጠንካራ ድንክ ፈረስ ቀድሞ ይገባል። ድርቆሽ አምጥቶ ኮረብታው ላይ ማብላት ከውጭ ማዳበሪያ እንደማስገባት ነው። የጥገኛ ትል መድኃኒት የወሰደ ከብትም ወዲያው አይገባም፤ መድኃኒቱ በእበቱ ወጥቶ ጢንዚዛዎቹን ይገድላል፣ ጢንዚዛ የሚበሉ ወፎችና የሌሊት ወፎችም ይራባሉ። የውሻ ነገርም አለ፦ ኩሱ ያው ማዳበሪያ ነው፣ ጩኸቱ መሬት ላይ የሚፈለፍሉትን ስካይላርክ የሚባሉ ወፎች ያስነሣል፣ የሚባረር እርጉዝ በግም ሊያስወርዳት ይችላል። ውሻችሁን በገመድ ያዙ።

"የታረሰውን መመለስ አይቻልም ወይ?" ተብሎ ይጠየቃል። ይቻላል፣ ግን ማዳበሪያ የጠገበ አፈር እስኪደኸይ አሥርት ዓመታት ይፈጃል። አንዱ ዘዴ ጥሩ ከሆነ ኮረብታ በጁላይ ዘሩ ሲደርስ ሣሩን አጭዶ በዚያው ቀን፣ ክምሩ ሳይግል፣ ግማሽ ያህሉ ባዶ እስኪሆን በተፋቀ መሬት ላይ መበተን ነው። የሌላ ሣር ሥር ጠብቶ የሚኖረው የሎው ራትል የሚባለው ቢጫ አበባም ረጃጅሞቹን ያዳክማል። ዘሩ ግን አዲስ መሆን አለበት፣ የሚዘራውም በመከር ነው፤ ብርድ ካልመታው አይበቅልም፣ ከዓመት የቆየ ዘር የገዛ ሰውም ገንዘቡን በትኗል።

በመንገዳችሁ ክብ ኩሬዎች ታያላችሁ። የጤዛ ኩሬ ይባላሉ፣ የሚሞላቸው ግን ባብዛኛው ዝናብ ነው። ውኃ በማይቋጥር ድንጋይ ላይ ኩሬ የሚሠራው ጭቃ ሸክላ እየረገጡ በመጠቅጠቅ ነው፤ ትል እንዳይበሳው ኖራ፣ ከዚያ ጭድና የጠመኔ ኮረት ይደረብበታል። ሸክላው አንድ በጋ ደርቆ ከተሰነጠቀ፣ የዛፍ ሥር ከገባበት ወይም ከባድ ከብት ከረገጠው ያፈሳል። ለበግ የተሠራ ኩሬ ላም አይችልም።

ሲስበሪ ሪንግ የተባለውን ኮረብታ ከጎበኛችሁ መሬቱ ጎድጎድ ጎድጎድ ያለበት ቦታ ከ5,000 ዓመት በፊት ባልጩት የተቆፈረበት ነው። ጉድጓዶቹ እስከ 12 ሜትር ይወርዳሉ፤ የተቆፈሩት በአጋዘን ቀንድ ነው። በመንደሮቹ ያለው የባልጩት ግንብም ይታይ፤ ባልጩት ውኃ ስለማይመጥ ማያያዣው ቶሎ አይደርቅም፣ በአንድ ቀን ከፍ አድርጎ የገነባ ግንበኛ ጠዋት ሲመጣ ግንቡ ሆዱን ነፍቶ ያገኘዋል። በሲሚንቶ መጠገንም እርጥበቱን ከውስጥ ይዘጋዋል፤ ትክክለኛው ኖራ ነው። የዊልሚንግተኑ ረጅም ሰው የተባለው፣ በኮረብታ ተዳፋት ላይ የተሣለው ምስል ወደ 72 ሜትር ነው። ጥንታዊ ነው ሲባል ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2003 የተደረገ ቁፋሮ ወደ 16ኛውና 17ኛው ክፍለ ዘመን አመለከተ። ዛሬ የምታዩት ነጭ መስመር እ.ኤ.አ. በ1969 የተቀመጠ የሲሚንቶ ብሎኬት ነው፣ ቀለም ይቀባል። በኦክስፎርድሻየር ያለው የአፊንግተን ነጭ ፈረስ ግን በእርግጥ ወደ 3,000 ዓመት ይጠጋል። እሱም የቆየው ሰው በየዘመኑ አረሙን እየነቀለ፣ አዲስ ጠመኔ በመዶሻ እየጠቀጠቀበት ነው።

ከእግራችሁ በታች ደግሞ ብራይተን የሚጠጣው ውኃ አለ። ከላይ የፈሰሰ የማዳበሪያ ናይትሬት በጠመኔው ውስጥ በዓመት 1 ሜትር ገደማ ስለሚወርድ ዛሬ በጉድጓዱ የሚገኘው ከአሥርት ዓመታት በፊት የተረጨው ሊሆን ይችላል።

ከሥራ በኋላ ወደ ሰቨን ሲስተርስ ለምትሄዱ፦ ገደሉ ከሥር በማዕበል ተቦርቡሮ ከላይ ሣር ለብሶ ስለሚቆም ጠርዙ ባዶ ላይ የተንጠለጠለ ሊሆን ይችላል። ሳያስጠነቅቅ ይናዳል። ለፎቶ አትጠጉት፣ ከሥሩም ምሳ አትብሉ።

የመጨረሻው ስለ ጥድ ነው። እዚህ ያለው እንደ አገር ቤቱ ጥድ ግንዱ አይገዝፍም፤ ብዙ ጊዜ ቁጥቋጦ ሆኖ ነው የሚቀረው፣ ስለዚህ ሳይታወቅ ከእሾሁ ጋር አብሮ በቀላሉ ይቆረጣል። ቁጥሩ እያነሰ ስለመጣ ግን አንድም አይነካም። መርፌ መሳይ ቅጠሉን በጣታችሁ ጨምቃችሁ አሽትቱት፤ ሽታውን ታውቁታላችሁ። ካወቃችሁት ቀይ ሪባን እሰሩበትና ወደሚቀጥለው እለፉ። ሪባኑ በሩ አጠገብ ባለው ሣጥን ውስጥ አለ።