ሲመጣ ይፈጥናል፣ ሲሄድ ይዘገያል

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከባንኮክ ሲንጋፖር ስላለው መንገድ ላወራችሁ ነው።

እማዬን ለሕክምና ባንኮክ ይዣት የሄድኩ ጊዜ ነው። ታናሽ ወንድሜ ሲንጋፖር ይሠራል። ቅዳሜ ይመጣል፣ እሑድ ይመለሳል። ሰዓቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተነስቶ 4 ሰዓት ከ25 አረፈ። እማዬ ይሄን ስትሰማ ከትራሷ ቀና አለች። «አንድ ሰዓት ከምናምን? ታዲያ ምነው ከሥራ መልስ ብቅ ቢል?»

እሑድ ማታ 12 ሰዓት ተነሳ። ሲንጋፖር የገባው 3 ሰዓት ከ25 ነው። «ሲመጣ ይፈጥናል፣ ሲሄድ ይዘገያል» አለች። ሆዷ ባባ።

በረራው ግን ሲመጣም ሲሄድም ያው 2 ሰዓት ከ25 ነው። በአየር 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ናይሮቢ በጥቂቱ ይበልጣል። ባንኮክ ከአዲስ አበባ በ4 ሰዓት ትቀድማለች፣ ሲንጋፖር በ5። ትኬቱ ላይ የሚጻፈው የየከተማው ሰዓት ነው። ሲመጣ አንድ ሰዓት ያተርፋል፣ ሲመለስ ያንኑ ይከፍላል።

ካርታ ላይ ሳየው ይበልጥ ገረመኝ። ሲንጋፖር ከባንኮክ ቁልቁል ወደ ደቡብ ናት፣ ወደ ምሥራቅ ፈቀቅ የምትለው ትንሽ ነው። በፀሐይ ቢቆጠር ልዩነታቸው ሩብ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ነገሩ የመጣው ከማሌዥያ ነው። ምዕራባዊው ክፍሏ ቦርኒዮ ደሴት ላይ ካሉት ሳባህና ሳራዋክ በግማሽ ሰዓት ይዘገይ ነበር። አገሩ ሁሉ በተመሳሳይ ሰዓት እንዲሄድ ተብሎ የምዕራቡ ሰዓት ወደፊት ተገፋ። ሲንጋፖርም ጎረቤቷን ተከተለች፤ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ቀን 1982። ለዚህ ነው እዚያ ፀሐይ 1 ሰዓት አካባቢ የምትወጣው።

ይሄን ለእማዬ ላስረዳት ሞከርኩ። «ሰው ፀሐይን ትቶ በወረቀት ይሄዳል?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ደግሞ በረራው ብቻውን መንገድ አይደለም። ወንድሜ ከቤቱ የሚወጣው ሌሊት 11 ተኩል ነው። ኤርፖርት ሁለት ሰዓት ተኩል ቀድሞ ይደርሳል። ባንኮክ ሲያርፍ የኢሚግሬሽን ሰልፍ ይጠብቀዋል፣ ከዚያ የታክሲ መንገዱ ዝግት ያለ ነው። የእማዬን በር ሲያንኳኳ 6 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ያቺን የተረፈች ሰዓት ስትመልሱበት ከበር እስከ በር ድፍን 8 ሰዓት ነው። በማግስቱ ደግሞ ያንኑ መንገድ ይመለሳል። እኔ አጠገቧ ሆኜ ሳማርር፣ እሱ አንድ ቀን እንኳ ደከመኝ አላለም።

እማዬ የእጅ ሰዓቷን አላስተካከለችም። ማሰሪያው የላላ፣ መስታወቱ የተጫረ ሰዓት ነው፤ እስከ መጨረሻው የአዲስ አበባን እንደቆጠረ ነበር። በመጨረሻው እሑድ ወንድሜ ሊወጣ ሲል አውልቃ አሳየችው። «በዚህ ስንት ሲል ትገባለህ?» አለችው። ቆጠረና ጣቱን መስታወቱ ላይ አሳረፈ፦ 10 ሰዓት ከ25።

ከሄደ በኋላ ሰዓቱን ትራሷ ላይ አስቀመጠችው። እራቷን አልነካችም። ተኝታለች ብዬ መብራቱን ላጠፋ ስል እጄን ያዘችኝ። በእሷ ሰዓት 11 ሰዓት ሊሆን 10 ጉዳይ ሲል ስልኩ ጠራ።

«ገባህ? ምን በላህ?» አለችው።