ከመስኮቱ ወዲህ፦ ፋርማሲስት ዎርድ ውስጥ ምን ይማራል?

[ምስል፦ ደሴ፣ የሆስፒታል መድኃኒት ቤት፣ መስኮቱ ፊት ረጅም ሰልፍ]

ደሴ ላይ አንዱን አላፊ አግዳሚ «ፋርማሲስት ምን ይሠራል?» ብትሉት መልሱ አጭር ነው፦ መድኃኒት ይሰጣል። አይፈረድበትም። የሚያውቀው በመስኮት በኩል ነዋ! ወረቀት ትሰጣለህ፣ «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ» ትባላለህ፣ ቀጣይ!

ዛሬ የምናወራው ከመስኮቱ ወጥቶ አልጋ ዳር ስለሚቆመው ነው።

አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ሬዚደንሲ የሚባል ሥልጠና አለ። ተመራቂው አንድ ዓመት በሆስፒታል ክፍሎች እየዞረ ይሠራል። ከፈለገ ሁለተኛ ዓመት ጨምሮ በካንሰር፣ በሕፃናት ወይም በጽኑ ሕሙማን ሕክምና ላይ ያተኩራል። እኛ ጋ መንገዱ ይለያል። የፋርማሲ ዲግሪ 5 ዓመት ነው፤ በመጨረሻው ዓመት ተማሪው ዎርድ ይገባል። መግፋት የፈለገ በክሊኒካል ፋርማሲ ማስተርሱን ይቀጥላል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎች ደሴ ስለሚማሩ፣ እዚህ ራውንድ (ሐኪሞች አልጋ ለአልጋ እየዞሩ ታማሚ የሚያዩበት) ላይ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ የሐኪም ተማሪ እንዳይመስላችሁ። መንገዱ ቢለያይም የሚለመደው ሙያ ተቀራራቢ ነው።

መጀመሪያ የሚለመደው መጠየቅ ነው። ቀላል ይመስላል።

[ምስል፦ አንዲት እናት አልጋ ላይ፣ አጠገባቸው ተማሪ]

«እማማ፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«የለም ልጄ።»

ጀማሪው «የለም» ብሎ ጽፎ ይሄዳል። የለመደው ግን አይነሳም። «ለግፊትስ? ለስኳርስ? ከጎረቤት የተቀበሉት ማስታገሻስ? በባህል የሚጠጡትስ?» እያለ ይቀጥላል። ያኔ ነው ከነጠላው ጫፍ የተቋጠረ ኪኒን የሚፈታው።

ወሎ ላይ ደግሞ ጫትን ሳይጠይቁ ማለፍ አይቻልም። ጫት እየተቃመ አምፒሲሊን ከተዋጠ ወደ ደም የሚገባው መጠን እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ቅሞ ከጨረሰ ከ2 ሰዓት በኋላ ቢወስደው ይሻላል። ታዲያ ይህን ለማወቅ «ትቅማለህ እንዴ?» ብሎ በመርማሪ ፖሊስ ድምፅ የጠየቀ እውነቱን አያገኝም። «ኪኒኑን የምትወስደው ከበርጫው በፊት ነው በኋላ?» ያለው ያገኛል።

ጾሙም አለ። እዚህ አገር በአንድ ቤት ውስጥ ረመዳንም ሁዳዴም ሊጾም ይችላል። ግሊቤንክላሚድ የሚወስድ የስኳር ታማሚ ቀኑን ሙሉ ሳይበላ ከዋለ ስኳሩ በጣም ሊወርድ ይችላል። «እንግዲያው አይጹሙ» ማለት ለተናጋሪው ቀላል ነው። አባባ ግን «እሺ» ብለው ሄደው ይጾማሉ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮም አይነግሩትም። የሚሻለው ጾሙ ከመግባቱ ሳምንታት ቀደም ብሎ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ነው። መጾም ይችላሉ ወይ? መድኃኒቱ ይቀየር ወይ? ለአፍጥርና ለሱሁር ምን ያህል ይሁን? ስኳሩ ከ70 ሚ.ግ/ዴ.ሊ በታች ከወረደ ጾሙን ወዲያው መፍታት እንዳለባቸውም ቁርጥ ተደርጎ ይነገራል። ከዚያ ፋርማሲስቱ «እስቲ እንዴት እንደሚወስዱት እርስዎ ይንገሩኝ» ይላል። የገባቸውና ያልገባቸው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ራስ መነቅነቅ ማስረጃ አይሆንም።

የዶዝ ስሌት? ለሕፃን በኪሎ ማስላት፣ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው መጠን መቀነስ በልምምድ ይመጣል። እንለፈው።

በእኔ እይታ ከሁሉ የሚከብደው ራውንድ ላይ አፍ አውጥቶ መናገር ነው።

[ምስል፦ የጠዋት ራውንድ፣ ሲኒየር ሐኪም፣ ኢንተርኖች፣ ከኋላ የፋርማሲ ተማሪ]

ዋርፋሪን የምትወስድ የልብ ታማሚ አለች እንበል። ዋርፋሪን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ነው፤ ኃይሉ የሚለካው አይኤንአር በሚባል የደም ምርመራ ነው። አሁን ሽንቷን አቃጥሏት ኮትራይሞክሳዞል ታዘዘላት። ሁለቱ ሲገናኙ የዋርፋሪኑ ኃይል ይጨምራል፤ ደም መፍሰስ ሊመጣ ይችላል። ተማሪው ይህን ከመጽሐፍ ያውቀዋል። ግን ሲኒየሩ ፊት፣ ሁሉም እየሰማ፣ «ይሄ ስህተት ነው» ሊል ነው? ቢል ሰሚ አያገኝም፤ ዝም ቢል ደግሞ ጉዳቱ የታማሚዋ ነው።

ሥልጠናው የሚሰጠው መሃለኛውን መንገድ ነው፦

«ዶክተር፣ ታማሚዋ ዋርፋሪን ላይ ናት። ኮትራይሞክሳዞሉ አይኤንአሯን ከፍ እንዳያደርገው ሰጋሁ። ኩላሊቷ ደህና ስለሆነ ናይትሮፉራንቶይን ብናስብስ?»

ችግሩ ተነገረ፣ ምክንያቱ ተነገረ፣ አማራጭም ቀረበ። ማንም አልተዋረደም።

እዚህ ላይ አንድ የእኛ አገር ጉዳይ ይገባል። ናይትሮፉራንቶይኑ ስቶር ውስጥ አለ ወይ? የሌለ መድኃኒት ሐሳብ አድርጎ ማቅረብ አስታማሚውን በዝናብ ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ፋርማሲ ለፋርማሲ ማንከራተት ነው። ስለዚህ ነቄ የሆነው ተማሪ ወደ ራውንድ ከመግባቱ በፊት ስቶር ጎራ ብሎ ያለውንና ያለቀውን ያጣራል። ከጠፋና ኮትራይሞክሳዞሉ ግድ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛ ሐሳብ ይዟል፦ አይኤንአሩ በ3 እና በ5 ቀን መሃል ይለካ፣ እንደ ውጤቱ ዋርፋሪኑ ይስተካከል፣ ድዷ ከደማ ወይም ሰገራዋ ከጠቆረ ቶሎ እንድትናገር ይነገራት።

የተስማሙበት ቻርቷ ላይ ይጻፋል፤ ማታ ተረኛ የሚገባው ሐኪም ራውንዱ ላይ አልነበረም። ውጤቱን ከላብራቶሪ የሚከታተለውም ሐሳቡን ያቀረበው ፋርማሲስት ነው።

በሚቀጥለው ቪዲዮ ፍሪጅ በሌለበት ቤት ኢንሱሊን እንዴት እንደሚቀመጥ እናያለን። የባቲና የኮምቦልቻ ሰዎች፣ ሙቀቱ እናንተ ጋ ስለሚብስ እንዳያመልጣችሁ።